የሰባተኛ «ሀ» ሰሌዳ

የከረመ የዱቄት ሙጫ እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ሰናይት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ አንድ ጎልማሳ ከቀለም ጣሳ በብሩሽ እየዛቀ የሥልጠና ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘሁት። ሙጫውን ካፈላው ቢያንስ አራት ቀን ሆኖታል። ኮምጥጧል፣ አረፋ ይዟል፣ እላዩ ላይ የሞቱ ዝንቦች አሉ። ሽታው ሲደርሰኝ አፍንጫዬን ይዤ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰናይት ክንዴን ይዛ «አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት። ደብረ ብርሃን ላይ ማንኛውንም ነገር በብርድ ማመካኘት ይቻላል።

እንድሄድ የለመነችኝ እሷ ናት። «አንተም መምህር ነበርክ፣ ቤት ተቀምጠህ ከግድግዳ ጋር ከምትጣላ ናና ዘመኑን እይ» አለችኝ። ሥልጠናው መምህራን የየክፍላቸውን ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምር ነው። አሠልጣኙ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ልጅ ነው፤ ከሁለት ቃል አንዱ «ሲምፕል ነው» ነው። ነገሩ ግን እውነትም ከባድ አይደለም። መምህሯ ለገጿ ስም ትመርጣለች፤ የቤት ሥራውን፣ የፈተናውን ቀን፣ ማስታወሻውን፣ የልጆቹን ድርሰትና ሥዕል ትጽፍበታለች። ከዚያ ቀንም ሌትም በማይጠፋ ኮምፒዩተር ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ያን ጊዜ ወላጅ ሁሉ ከስልኩ ያየዋል። ማስቀመጫውን ተከራይታ የራሷ ልታደርገው ትችላለች። «ግን ለምን ትለፋላችሁ?» አለ ልጁ፣ የታሸገ ውኃውን እየተጎነጨ። «ቦታውን እኛ በነጻ እንሰጣችኋለን። እናንተ ጽሑፉን መላክ ብቻ፣ የምንለጥፈው እኛ። ሲምፕል ነው።» መምህራኑ አጨበጨቡ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ በጡረታዬም እጄን አውጥቼ ነው የምናገረው። «ልጄ፣ መምህሯ አንድ ጽሑፍ ወዲያው ማንሳት ብትፈልግስ?» አልኩት። «ጥያቄ ታቀርባለች አባባ፣ ከሁለት እስከ ሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እናነሳላታለን» አለኝ። ሦስት ቀን። ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ያ ሙጫ ጠበቀኝ።

ሦስት ቀን ምን እንደሚያደርግ አንኮበር ላይ አይቻለሁ። በደርግ ዘመን እዚያ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ረጅም ካፖርትና ሁለት ሱሪ ነበሩኝ፤ አንዱ ከታች የሰፋ፣ እሱንም የአብዮት ጠላት አስመሰለህ ብለው አስጠብበውኛል። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ሆኖ ሱሪዬን ሲያጠብ፣ አጠገቡ ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ይዤ እንደ ሕፃን በቁምጣ ጠበቅኩት። ያቺ ጥግ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች፤ መንገዱ ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል ሊወርድ የሚጀምርባት ናት። ከላይ ደገኛው ገብስና ባቄላውን ጭኖ ይወርዳል፣ ከታች ቆለኛው በርበሬና ጥጡን ጭኖ ይወጣል፣ እዚያች ጥግ ላይ አህዮቹም ሰዎቹም ትንፋሽ ይወስዳሉ። ጉሙ ሲመጣ ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም፤ የአህያው ቃጭል ብቻ ይሰማል። ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሰልፍ የሚያስወጣ መዝሙር ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ጉሙ እንኳን ዝም ሊያሰኘው አልቻለም።

ትምህርት ቤታችን ከዚያች ጥግ አጠገብ ነበር። ቢሮው ፊት የውይይት ክበቡ ሰሌዳ ነበረ፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ መፈክር ተለጥፎበት ከዝንብ በስተቀር የሚያነበው አልነበረም። የሰባተኛ «ሀ» የአማርኛ መምህር ነበርኩና የራሳችን ሰሌዳ እንዲኖረን ፈለግሁ። ከተሰበሩ ዴስኮች ሳንቃ ነቅለን፣ ሚስማር አቃንተን፣ በክፍላችን የውጭ ግድግዳ ላይ መታነው፤ ፊቱን ወደ ገበያ መንገደኛው አዞርነው። ሙጫውን ራሳችን በዱቄት እያፈላን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት የተጻፈውን እንለጥፋለን። የሳምንቱ የቤት ሥራ፣ የከባድ ቃላት ፍቺ፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ፣ የልጆቹ ድርሰት። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፦ ሙሉ ስምና ክፍል ያልተጻፈበት አይለጠፍም። ሰው ለጻፈው ነገር ኃላፊነት ይውሰድ ብዬ ነው። ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል።

ሰሌዳው በአንድ ወር ውስጥ ከእጃችን ወጥቶ የአገር ሆነ። መንገደኛው ጭነቱን ያወርድና «እስቲ አንዴ አንብቡልኝ» ይላል። ከመዘዞ በግ ይዞ የመጣው ገበሬ ቀይ በቅሎ ጠፋችብኝ ብሎ ያስጽፋል፤ በሚቀጥለው ገበያ ከቆላ የወጣ ሰው ስሩ «በቅሎዋ እኛ ዘንድ ታስራለች፣ ባለቤቱ ይምጣ» ብሎ ያስለጥፋል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ እናቶችና አባቶች ጣታቸውን ከቃል ቃል እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብባሉ። የትኛው ጽሑፍ እንደተወደደ የማውቀው በጣት እድፍ ነበር። የተወደደው ወረቀት በሳምንቱ ጥቁር ብሎ ጠርዙ ይበላል፣ ያልተወደደው እንደ ነጣ ይነሳል። ከዚያ የተሻለ ፈተና አራሚ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በጣም የሚያድፈው የዘይነባ ወረቀት ነበር። ዘይነባ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር የአሊዩ አምባ ልጅ። እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሸጉጣ ትመጣለች፤ ስትጽፍ ምላሷን በጥርሷ ትነክሳለች። አባቷ አቶ ሰይድ በርበሬና ጥጥ ነጋዴ ናቸው። ሊያስመዘግቧት የመጡ ቀን ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ልጄን አደራ። ሴት ልጅህን ደጋ ሰደድክ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሥቆብኛል፣ ወላሂ። ስምንተኛን ትለፍልኝ እንጂ ኢንሻአላህ ነርስ ሆና ትመለሳለች። ያኔ እንተያያለን።»

«አደራዎ ከባድ ነው፣ ግን ተቀብያለሁ» አልኳቸው። አፌ ሞልቶ ነው ያልኩት።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ ዝናቡና ጉሙ ወረቀታችንን ይበሉት ጀመር። ጠዋት የለጠፍነው ቀትር ላይ ቀለሙ ፈሶ ይገኛል። ይህን አይቶ ነው የቀበሌው ካድሬ ጓድ በላቸው የመጣው። ጓድ በላቸው ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ቢኖረው ይሻል ነበር። ካኪ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የተቆላ ሽምብራ አለ፤ ሲያወራህ ይጋብዝሃል። ሌላው ልማዱ ጆሮውን በቁልፍ መኮርኮር ነው። ኮርኩሮ ቁልፉን ያየዋል፣ ካኪው ላይ ይጠርገዋል፣ በዚያው እጁ ሽምብራውን ይዘግንልሃል። እኔም ተቀብዬ በልቻለሁ።

«ጓድ መምህር» አለኝ፣ «ይህን የመሰለ ሥራ ዝናብ ሲበላው ማየት አያስቆጭም? ቀበሌው ባለ መስታወት ሳጥን አሠርቷል፣ ባለ ቆርቆሮ ክዳን። ቦታው ከእኛ፣ ሥራው ከእናንተ።»

ልቤ ወለል አለ። ሳጥኑ ገበያው ዳር፣ አዳራሹ ፊት የቆመ ነው፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ የብረቱ ፍሬም አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ስሜን እዚያ ሳስበው፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ እንኳን አልጠየቅኩም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አሮጌውን ሳንቃ ነቅሎ ለማገዶ ሲወስደው ቆሜ አየሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነበር። በሁለተኛው ከላይ አንድ መፈክር ገባ። በወሩ ግማሹ ተወሰደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ለሰባተኛ «ሀ» የቀረልን ከጉልበት በታች ያለችው የመጨረሻ መደርደሪያ ሆነች፤ የእኛን ጽሑፍ ማንበብ የፈለገ ሰው ቁጢጥ ማለት ነበረበት። ማስታወቂያ የሚያስጽፍ መንገደኛም ቀረ፤ በቅሎ የጠፋችበት ሰው ካድሬ አስፈቅዶ አይጽፍም። ጣትም ወረቀቱን አይነካም፣ መስታወቱን እንጂ። መልሼ ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው ብል ደግሞ «ለምን?» እባላለሁ። በዚያ ዘመን «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ሰው መስማት አይፈልግም ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ ወረቀታችንን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጓድ በላቸው ቁልፉን ከጆሮው አውጥቶ ይከፍታል፣ በስንዝሩ ይለካል፣ «ስም አለው?» ይላል፣ «አለው» እላለሁ፣ ይቆልፋል። አንዱን እንኳ አንብቦ አያውቅም። ሽምብራ ይሰጠኛል።

ያኔ ወጣቶችን ለውትድርና ከገበያ የሚያፍሱበት ጊዜ ነበር። የዘይነባ ታላቅ ወንድም ከተወሰዱት አንዱ ነው። እሷ ለአሥር ቀን ቀርታ ስትመለስ አንድ ገጽ ድርሰት ሰጠችኝ። ርዕሱ «ያለፈው ገበያ» ነው። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «ባለፈው ገበያ ወንዶች አልመጡም። በርበሬውን ሴቶች ተሸክመው መጡ። ወንድሜን የወሰዱት ቀን ጫማ አላደረገም ነበር። ጫማው በራችን ላይ ነው። እናቴ ቤት ስትጠርግ ታነሳዋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።» ይኸው ነው። አንድም የምሬት ቃል፣ አንድም ስድብ የለበትም። ሁለቴ አነበብኩት። አደጋው ታይቶኛል፣ አልታየኝም ብል ውሸት ነው። ግን አንድ መምህር በዕድሜው አንዴ የሚያገኘውን ጽሑፍ አገኘሁ፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፣ ሰው ይይልኝ አልኩ። ደብተሯ ላይ በቀይ ቀለም «እጅግ ጥሩ ነው፤ ይለጠፍ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እሷም በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችው፣ ከስሩ ሙሉ ስሟንና ክፍሏን ጻፈች። ጓድ በላቸው በስንዝሩ ለካ፣ «ስም አለው?» አለ፣ ቆለፈ፣ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄደ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ሳጥኑ ፊት ሴቶች ቁጢጥ ብለው ተደርድረዋል። አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ስትጨርስ ሌላ ይመጣና እንደገና ይነበባል። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ቀና ብለው አዩኝና «መምህር፣ ይህን የጻፈውን ልጅ አምላክ ከክፉ ይሰውርልን» አሉኝ። አደጋው ሙሉ በሙሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል። ሮጬ የቀበሌውን ጥበቃ ቁልፍ ጠየቅኩት። «ከጓድ በላቸው ኪስ ነው» አለኝ። ሌላ የለም? «አንድ ብቻ ናት።» መቼ ይመለሳል? «ሦስት ቀን ብሏል።» መስታወቱን ልሰብር ድንጋይ አንስቼ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ። ድንጋዩን አስቀመጥኩት። በገዛ ግድግዳዬ ላይ ቢሆን በጥፍሬ ቧጥጬ እቦጭቀው ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ቀን ሙሉ የልጅቷ ስም በንጹሕ መስታወት ውስጥ፣ ዝናብ እንኳ ሳይነካው፣ ቁጭ አለ።

ጓድ በላቸው ተመልሶ ወሬውን ሰማ፤ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ስለ ጽሑፉ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ጊዜ ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው ሳይከሰስ በፊት ተነስቶ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ሁላችንም ተክነንበት ነበር። አንዱ ተነስቶ ስብሰባ አርፍጃለሁ ይላል፣ ሌላው ለጓዶች ፊቴን አጥቁሬያለሁ ይላል፣ «ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» ይባላል፣ ይቀመጣል። ዘዴው ትንሿን ጥፋት አስቀድሞ ሰጥቶ ትልቋን መደበቅ ነው። እኔም ያንኑ አደረግሁ። ተነስቼ፣ «ቁጥጥሬ ላልቷል፤ ጽሑፉ የተለጠፈው ሳላነበው ነው፤ ለወደፊቱ እታረማለሁ» አልኩ። ለሁለታችንም የሚበጅ መስሎኝ ነበር። ከአፌ ወጥቶ መሬት ሳይደርስ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፦ ራሴን ሳወጣ ልጅቷን ብቻዋን ተውኳት።

ጓድ በላቸው ላብ በላብ ሆኗል። እሱም ሳያነብ ለጥፏል። «ተማሪ ዘይነባ» አለ፣ «መምህርሽ ካላነበበው ማን አነበበልሽ? ማን አይዞሽ አለሽ?»

ዘይነባ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ነበረች። ያ ደብተር ጭኗ ላይ ነው። ቀይ ጽሑፌ፣ ፊርማዬ ውስጡ አለ። መግለጥ ብቻ ነበር የሚበቃት። አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ደብተሩ ላይ አጣምራ አሳረፈችና፣

«ማንም አላነበበልኝም። ራሴ ጻፍኩት» አለች።

ጓድ በላቸው ተነፈሰ፤ እኔም ተነፈስኩ። ሁለት ሙሉ ወንዶች በአንዲት ሕፃን ሻሽ ሥር ተደበቅን። ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንድትታገድ ተወሰነ፣ እጅ አውጡ ተባለ፣ አወጣን። የእኔም እጅ ወጥቷል።

በማግሥቱ አቶ ሰይድ በቅሎ ይዘው መጡ። ይቆጡኛል፣ ቢመቱኝም ደግ ነው ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን «መምህር፣ ልጄ እርስዎ ምንም አላጠፉም ብላኛለች። ለደከሙባት አላህ ይስጥልኝ» አሉኝ። የቆርቆሮ ሳጥኗን በቅሎዋ ላይ ጫኑ። «እገዳው ሲያልቅ ትመለሳለች አይደል?» አልኳቸው፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ገመዱን እያየሁ። «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አሉ። «የሚጠይቃት ሰው አለ።» ዘይነባ «ደህና ይሁኑ መምህር» አለችኝና ቁልቁሉን ያዘችው። ጉሙ ወዲያው ዋጣቸው። ክረምቱ ሳይወጣ መዳሯን ሰማሁ፤ ባሏ ሁለት እጥፍ ዕድሜዋ ነበር አሉ። ስምንተኛን አልጨረሰችም።

ይህን ለሰናይት የነገርኳት ከሥልጠናው ስንመለስ ነው። በር ላይ ስንደርስ «አባዬ፣ ‹አንብቤዋለሁ› ብትል ምን ያደርጉህ ነበር?» አለችኝ። ምን እንደሚያደርጉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያስሩኝ ይሆናል፣ ያዛውሩኝ ይሆናል፣ ጓድ በላቸው ራሱን ለማዳን ሲል ያድበሰብሰው ይሆናል። አልሞከርኩትማ። ሰናይት የክፍሏን ገጽ ስሙንም ቦታውንም በራሷ ስም ልትከራየው፣ የይለፍ ቃሉን ራሷ ልትይዝ ወስናለች፤ የልጆቹን ሙሉ ስምና ፎቶ ደግሞ አታወጣም። ያ ሱሪው ያጠረው ልጅ «ይከብድሻል» ብሏታል አሉ። ይክበዳት።

የማይለቀኝ ግን ዘይነባ ከሄደች በኋላ ያለችው ሰኞ ናት። ክፍል ገብቼ የስም ዝርዝር ጠራሁ፤ የዘይነባን ስም ዘለልኩ። ልጆቹ ሁሉ አቀርቅረው ነበር። ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ድርሰት ጻፉ፣ ስለፈለጋችሁት ነገር፣ ልባችሁ ያለውን ጻፉ አልኳቸው። አርባ ሁለት ልጆች ያለ አንድ ጥያቄ፣ ያለ ኮሽታ ጻፉ። ቤቴ ወስጄ ሳነበው አርባ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው፤ ምርታችን ያድጋል፣ ጠላቶቻችን ይደመሰሳሉ፣ ወደ ፊት እንገሰግሳለን። የቀበሌው አዳራሽ ላይ የተሰቀለውን መፈክር በቃላቸው አጥንተው ቃል በቃል ገልብጠውታል። ቅርጹ ባማረ ጽሑፍ፣ በየቦታው በገባ ነጠላ ሰረዝ፣ ያስተማርኳቸውን ሁሉ ተጠቅመው። ቀይ እስክሪቢቶዬን አነሳሁና ለአርባ ሁለቱም አሥር ከአሥር ሰጠኋቸው።